ኢኩሊብሪየምን ለ11ኛ ክፍል ማስተማር፦ የሌ ሻተሊየ መርህ ለምን መጨረሻ ላይ ይምጣ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ “አዳማ ውስጥ 11ኛ ክፍል ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። በአንድ ክፍል ከ60 በላይ ልጆች አሉ፤ ላቦራቶሪ አለን ለማለት ያህል ነው። ኬሚካል ኢኩሊብሪየም ላይ ስደርስ ተማሪዎቹ የሌ ሻተሊየን መርህ እንደ ዳዊት ይደግሙታል፤ ጥያቄው ትንሽ ጠመም ሲል ግን ይጠፋባቸዋል። ኢነርት ጋዝ ቢጨመር ምን ይሆናል ስላቸው ግማሹ ወደ ቀኝ፣ ግማሹ ወደ ግራ ይላል። ምዕራፉን በምን ቅደም ተከተል ላስተምረው? ብዙ ኬሚካል የማይፈልግ ሙከራስ አለ?”

አጭሩ መልስ፦ የሌ ሻተሊየን መርህ (ኢኩሊብሪየም ላይ ያለ ሪአክሽን ሲረበሽ ረብሻውን ወደሚቀንስ አቅጣጫ ይሄዳል የሚለውን) ወደ ምዕራፉ መጨረሻ ይግፉት። ከሱ በፊት ሁለት ነገር ይግባቸው። አንደኛው፣ ኢኩሊብሪየም ላይ የሚተካከሉት የወደፊቱና የመልሱ ሪአክሽን ፍጥነቶች እንጂ የሪአክታንትና የፕሮዳክት መጠኖች አለመሆናቸው። ሁለተኛው፣ ኪውን ከኬ ጋር አነጻጽሮ ሪአክሽኑ ወዴት እንደሚሄድ መወሰን። (ኬ የምለው ኢኩሊብሪየም ኮንስታንቱን ነው፣ ማለትም ኢኩሊብሪየም ላይ የፕሮዳክቶቹ ኮንሰንትሬሽን ብዜት ለሪአክታንቶቹ ብዜት ሲካፈል የሚገኘውን ቁጥር፤ ኪው ደግሞ በዚያው ቀመር ውስጥ የአሁኑን ኮንሰንትሬሽን አስገብተን የምናገኘውን ቁጥር።) እነዚህ ከገቡ መርሁ በአንድ ክፍለ ጊዜ ያልቃል። ካልገቡ ግን አሥር ክፍለ ጊዜ ቢሰጡትም ልጆቹ ይዘው የሚወጡት “ሲጨመር ወደዚያ፣ ሲቀነስ ወደዚህ” የሚለውን ብቻ ነው። ኢነርት ጋዝ (ከምንም ጋር የማይዋሃድ ጋዝ) ላይ የተከፋፈሉትም ስላላጠኑ አይደለም። መርሁ “ሲረበሽ” ይላል፤ የተረበሸው ምኑ እንደሆነ ግን አይነግራቸውም።

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ምንም ኬሚካል አይፈልግም። ለአንድ ቡድን ሁለት ባለ20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ፣ ስፋታቸው የተለያየ ሁለት ስትሮ፣ ውሃና ጥቂት የምግብ ቀለም ይበቃል። ሲሪንጁ ከማንኛውም ፋርማሲ ይገዛል። መርፌውን ክፍል ውስጥ አያስገቡት። መግፊያውን ያውጡ፤ የጫፉን ቀዳዳ በሻማ አለስልሰው በፒንሳ ጨፍልቀው ይድፈኑ፤ ውሃ ሞልተው እንደማያፈስ ይፈትሹ። ስትሮዎቹ አንዱ 6፣ ሌላው 4 ሚሊ ሜትር ገደማ የውስጥ ስፋት ቢኖራቸው ጥሩ ነው፤ ወፍራሙ ለወፍራም ጁስ የሚሰጠው፣ ቀጭኑ ለለስላሳ የሚሰጠው ዓይነት ነው።

ሲሪንጅ 1 ላይ 20 ሚሊ ሊትር ባለቀለም ውሃ ይሞላል፤ ሲሪንጅ 2 ባዶ ይሆናል። አንድ ልጅ ወፍራሙን ስትሮ ሲሪንጅ 1 ውስጥ እስከ ታች ይከተዋል፤ ሌላው ቀጭኑን ሲሪንጅ 2 ውስጥ እንዲሁ። ሁለቱም ከላይ በጣት ይደፍናሉ፤ በአንድ ጊዜ ያወጣሉ፤ አንዱ የያዘውን ወደ ሌላው ሲሪንጅ ይለቃሉ። ሦስተኛው ልጅ ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ሁለቱን መጠኖች ይመዘግባል። በዚህ ስፋት 25 ዙር ገደማ ሲሆን መጠኖቹ መንቀሳቀስ ያቆማሉ፤ ሲሪንጅ 1 ላይ 6 ሚሊ ሊትር፣ ሲሪንጅ 2 ላይ 14 ሚሊ ሊትር አካባቢ ይቀራል። ልጆቹ ግን አሁንም እየቀዱ ነው። እዚህ ላይ ያስቁሟቸውና “ምን ቆመ? ምንስ አልቆመም?” ብለው ይጠይቁ።

ከመጠኑ ይልቅ የሚያስተምረው በየዙሩ የሚተላለፈው ነው። ወፍራሙ ስትሮ በመጀመሪያው ዙር 2 ሚሊ ሊትር ያህል ይወስዳል፤ ቀጭኑ ምንም። መጨረሻ ላይ ሁለቱም 0.6 ሚሊ ሊትር ያህል ያመላልሳሉ። ስለዚህ ተማሪዎቹ ሁለት ግራፍ ይሥሩ፤ አንዱ መጠን በዙር፣ ሌላው የሚተላለፈው በዙር። በመጀመሪያው ግራፍ ሁለቱ መስመሮች ተራርቀው ጠፍጣፋ ይሆናሉ፤ በሁለተኛው ይገናኛሉ። “እኩል” የሚለው ቃል የቱ ግራፍ ላይ እንደሚሠራ በዓይናቸው ያዩታል።

ቡድኖቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር አይሥሩ። ግማሾቹ ውሃውን በሙሉ ሲሪንጅ 2 ላይ አድርገው ይጀምሩ፤ የሚደርሱት እዚያው 6 እና 14 ላይ ነው። ሬሾው 2.25 የሚሆነው የስትሮዎቹ ስፋት ሬሾ፣ 6 ለ4፣ ስኩዌር ስለሆነ ነው፤ ከየት እንደተነሳን ምንም አያገባውም። አንዱ ቡድን 12 ሚሊ ሊትር ብቻ ይዞ ይጀምር፤ መጠኖቹ ይቀየራሉ፣ ሬሾው አይቀየርም። ለአንድ ቡድን ደግሞ ሆን ብለው ሁለት እኩል ስትሮ ይስጡ። እነሱ 10 እና 10 ያገኛሉ፤ “ኢኩሊብሪየም ማለት እኩል መጠን ነው” የሚለው ሐሳብ ከብዙ ሁኔታዎች አንዱ ብቻ መሆኑ ያኔ ግልጽ ይሆናል። “አንድ ለአምስት” የተደራጁ ልጆች ካሉ አሥር ቡድን ማለት ነው፤ ሁሉም በ40 ደቂቃ ውስጥ ይጨርሳል።

የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ቦታ ላይ ነው። ስትሮው እስከ ታች ካልገባ የሚቀዳው መጠን ከዙር ዙር ይዋዥቃል። ስትሮው ውስጥ የሚቀረው ጠብታ ካልተራገፈ ቀጭኑ ከሚገባው በታች ያስተላልፋል። ከሁሉ የከፋው ግን በሲሪንጅ ፈንታ አንገቱ የተቆረጠ የግማሽ ሊትር የውሃ ላስቲክ መጠቀም ነው። ላስቲኩ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚሰፋ ወፍራሙ ስትሮ በአንድ ዙር ከውሃው 1 በመቶ ብቻ ያነሳል፤ በ25 ዙር ግራፉ ገና ቀጥ ብሎ እየወረደ ነው፤ ልጆቹም “ኢኩሊብሪየም የለም” ብለው ይወጣሉ።

ይህን ሞዴል ከአንድ ክፍለ ጊዜ በላይ አያቆዩት። ሪአክታንቱና ፕሮዳክቱ በሁለት ዕቃ ስለተቀመጡ፣ ተማሪው ቀመር ላይ ያለውን “ቀኝ” እና “ግራ” የዕቃው ቀኝና ግራ አድርጎ ማሰብ ይጀምራል። ስለዚህ ቀጣዩ ሙከራ ሁሉም ነገር በአንድ ብርጭቆ ውስጥ የተደባለቀበት መሆን አለበት።

ለዚያ የሚሻለው ፈሪክ አዮንና ታዮሳያኔት ነው፦

ፈሪክ አዮን (ፈዛዛ ቢጫ) + ታዮሳያኔት አዮን (ቀለም አልባ) ⇌ ፈሪክ ታዮሳያኔት (ደም መሳይ ቀይ)

2.7 ግራም ውሃ ያዘለ ፈሪክ ክሎራይድ በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 1 ግራም ፖታሲየም ታዮሳያኔት በሌላ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ ሲሟሟ ሁለቱም ወደ 0.1 ሞላር ይሆናሉ። የፈሪኩ ላይ ጥቂት ጠብታ የተበረዘ ናይትሪክ አሲድ ይጨምሩ፤ አለዚያ ትንሽ ቆይቶ ወደ ቡናማ ይደፈርሳል። ከሁለቱም 1 ሚሊ ሊትር ወስደው በውሃ እስከ 200 ሚሊ ሊትር ይሙሉት። ብርቱካናማ መልክ ያለው፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ፈሳሽ ይወጣል። ይህ መጠን ለስልሳ ልጅ ይበቃል። ደማቅ ቀይ ከሆነ በዝቷል፤ ከዚያ በላይ መቅላቱ ለዓይን ስለማይለይ ሙከራው ከንቱ ይሆናል።

በአራት ቴስት ቲዩብ ከፋፍለው አንዱን ለማነጻጸሪያ ይተዉት። ሁለተኛው ላይ ጥቂት ጠብታ ፈሪክ ክሎራይድ፣ ሦስተኛው ላይ ጥቂት ጠብታ ታዮሳያኔት ያንጠባጥቡ፤ ሁለቱም ይቀላሉ። ይህ ራሱ አንድ ትልቅ ነገር ይናገራል፤ ፈሪክም ታዮሳያኔትም ሳያልቁ ቀርተው ነበር ማለት ነው። ከሁለቱ አንዱ አልቆ ቢሆን ኖሮ ያለቀውን እንጂ ሌላውን መጨመር ቀለሙን ባላደመቀው ነበር። አራተኛው ላይ የዳይሶዲየም ሃይድሮጅን ፎስፌት ሙሙት ቢያገኙ ፈሪኩን ይይዘውና ቀለሙ ይሳሳል። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድም ያንን ያደርጋል፤ ግን ቡናማ ዝቃጭ ስለሚያመጣ ከኋላ የተቀመጠ ልጅ “ቀለሙ ጨመረ” ብሎ ይጽፋል። ዝቃጩ እስኪረጋ ጠብቀው ከላይ ያለውን ፈሳሽ ያሳዩ። ታዮሳያኔት ያለበትን ፈሳሽ ከበረኪናም ሆነ ካልተበረዘ ጠንካራ አሲድ ጋር ፈጽሞ አያገናኙ፤ መርዛማ ጋዝ ሊወጣው ይችላል።

በዚሁ ብርቱካናማ ፈሳሽ ሊሠራ የሚችል፣ ብዙ ጊዜ የሚዘለል አንድ ሙከራ አለ። ሁለት አንድ ዓይነት፣ ቂጣቸው ጠፍጣፋና ግድግዳቸው ቀጥ ያለ ብርጭቆዎች ነጭ ወረቀት ላይ ያስቀምጡ። በሁለቱም 50 ሚሊ ሊትር ይጨምሩ፤ አንዱን ብቻ በውሃ ወደ 100 ሚሊ ሊትር ያድርሱ። ተማሪዎቹ ከጎን ሳይሆን ከላይ ወደ ታች ይመልከቱ። ከላይ ሲታይ ፈሳሹ ሁለት እጥፍ ቢቀጥንም ጥልቀቱ ሁለት እጥፍ ስለሚሆን፣ ነገሩ መቅጠን ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀለሙ እኩል መታየት ነበረበት። በሻይ ወይም በምግብ ቀለም ይሞክሩት፤ እኩል ይታያል። የፈሪክ ታዮሳያኔቱ ግን ወደ ግማሽ ይሳሳል። የጎደለው ቀለም ወደ ፈሪክና ታዮሳያኔት የተመለሰው ነው። ውሃ ብቻ ጨምረን፣ ከቀመሩ ውስጥ አንዱንም ነገር ሳንጨምር፣ ሪአክሽኑ ወደ ኋላ ሄደ። መርሁን በቃሉ የያዘ ልጅ እዚህ ላይ የሚለው ያጣል፤ ኪውን ያወቀ ግን ያሰላዋል፤ ሁሉም ኮንሰንትሬሽን ሲጋመስ የላይኛው አንድ ግማሽ፣ የታችኛው ሁለት ግማሾች ሲባዙ አንድ አራተኛ ይሆናሉ፤ ኪው ሁለት እጥፍ ሆነ፤ ከኬ በለጠ፤ ስለዚህ ወደ ኋላ።

ኪውና ኬ ሰሌዳ ላይ የሚሠሩት በዚህ መንገድ ነው፤ ሁልጊዜ በቁጥር። አንድ ምሳሌ እስከ መጨረሻው ይሂዱበት። ዳይናይትሮጅን ቴትሮክሳይድ (ቀለም አልባ) ⇌ 2 ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ (ቡናማ)፤ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ኬ ወደ 0.36 ነው። ዕቃው ውስጥ ቴትሮክሳይዱ 0.04፣ ዳይኦክሳይዱ 0.12 ሞላር ይሁን። 0.12 በራሱ ተባዝቶ ለ0.04 ሲካፈል 0.36፤ ኢኩሊብሪየም ላይ ነን። አሁን ዕቃውን ወደ ግማሽ እንጭመቀው። በዚያች ቅጽበት 0.08 እና 0.24 ሆኑ፤ ኪው 0.72 ነው። ከኬ ስለበለጠ ወደ ኋላ ይሄዳል። ስሌቱን ሲጨርሱት ዳይኦክሳይዱ 0.193፣ ቴትሮክሳይዱ 0.1035 ሞላር ላይ ይቆማሉ።

እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ሰሌዳው ላይ ትልቅ አድርገው ይጻፉ፦ 0.12፣ 0.24፣ 0.193። ብዙ ተማሪ “ወደ ግራ ሄደ” ሲባል ቡናማው ከመጀመሪያው ያነሰ ይመስለዋል። አልሆነም፤ ከ0.24 ቀነሰ እንጂ ከ0.12 ይበልጣል። ሪአክሽኑ የተደረገበትን ነገር ይቀንሰዋል እንጂ አይሰርዘውም። የዚህን ጋዝ ሙከራ በቪዲዮ ሲያሳዩም ልጆቹ የሚጠብቁት ይህን ነው፤ ሲጨመቅ መጀመሪያ ይጠቁራል፣ ከዚያ ትንሽ ይሳሳል፤ ግን ከመነሻው ጠቆር ብሎ ይቀራል። ቪዲዮ ያልኩት በምክንያት ነው። ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ነው፤ ጭስ መሳቢያ በሌለበትና 60 ልጅ በተቀመጠበት ክፍል መዳብና ናይትሪክ አሲድ ቀላቅሎ መሥራት አይገባም።

አሁን ኢነርት ጋዙን እንመልስ። ዕቃው መጠኑ የማይለወጥ ከሆነ አርጎን ቢገባ የቴትሮክሳይዱም የዳይኦክሳይዱም ኮንሰንትሬሽን አልተነካም፤ ኪው ያው 0.36 ነው፤ ምንም አይሆንም። ጠቅላላው ግፊት ጨምሯል፤ ቀመሩ ውስጥ ግን ጠቅላላ ግፊት የሚባል ነገር የለም። ዕቃው በፒስተን የተከደነና ግፊቱ የማይለወጥ ከሆነ ግን አርጎኑ ቦታ ለማግኘት ፒስተኑን ይገፋል፤ መጠኑ ይሰፋል፤ ሁለቱም ኮንሰንትሬሽኖች ይወርዳሉ፤ ኪው ከኬ ያንሳል፤ ወደ ፊት፣ የጋዝ ሞሎቹ ወደሚበዙበት ይሄዳል። ጥያቄው “በቋሚ መጠን” ወይስ “በቋሚ ግፊት” ካላለ ጥያቄው ራሱ ጎዶሎ ነው፤ ተማሪዎችዎ የተከፋፈሉት በዚህም ሊሆን ይችላል።

እስካሁን የተቀየረው ሁሌ ኪው ነው። ኬን ራሱን የሚቀይረው ሙቀት ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሙቀት የራሱ ክፍለ ጊዜና የራሱ ሙከራ ያስፈልገዋል። ከሁሉም የሚቀለው ስታርችና አዮዲን ነው። አንድ ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች በትንሽ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው በ100 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ ላይ ያፍሱና ያቀዝቅዙ። ከዚያ አንድ የሻይ ማንኪያ ወስደው በ100 ሚሊ ሊትር ንጹህ ቀዝቃዛ ውሃ ይበርዙ፤ አንድ ጠብታ ቲንክቸር አዮዲን ይጨምሩ። ሰማያዊው በብርጭቆው ማዶ የደብተር ጽሑፍ የሚያስነብብ ያህል ስስ መሆን አለበት። በሁለት ቴስት ቲዩብ አድርገው አንዱን ፈልቶ የወረደ ውሃ ውስጥ ያቁሙት። ከ70 ዲግሪ እያለፈ ሲሄድ ሰማያዊው ይጠፋል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ ይመለሳል። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ስለምታልፍ ውሃ በ95 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ለዚህ ሥራ ይበቃል።

ካልጠፋ አዮዲኑ በዝቷል፤ ይበርዙት። ጠፍቶ ካልተመለሰ ደግሞ በእሳት ላይ ረጅም ጊዜ ፈልቶ አዮዲኑ ተኗል፤ ያ ከኢኩሊብሪየም ጋር ግንኙነት የለውም። ትርጓሜው ቀላል ነው፦ ሰማያዊው ሲፈጠር ሙቀት ይወጣል፤ ስለዚህ ሙቀት ሲጨምር ኬ ይወርዳል። ነገር ግን “ኤግዞተርሚክ ሪአክሽን ሲሞቅ ይዘገያል” የሚል ልጅ ይነሳል፤ በእርግጠኝነት ይነሳል። ሲሞቅ ሁለቱም አቅጣጫዎች ይፈጥናሉ፤ የመልሱ ግን በበለጠ ይፈጥናል። ልዩነቱን የሚያውቁት በፊተኛው ምዕራፍ የተማሩትን አክቲቬሽን ኢነርጂ ሲያስታውሱ ነው፤ የመልሱ ሪአክሽን አክቲቬሽን ኢነርጂ ትልቁ ስለሆነ ሙቀት ይበልጥ የሚነካው እሱን ነው። ካታሊስትም እዚሁ ይግባ፤ ሁለቱንም በእኩል እጥፍ ያፈጥናል፣ ኬንም ኪውንም አይነካም፤ አለቀ።

ኬሚካል ጨርሶ ከሌለ የቤኪንግ ሶዳው ሙከራ አለ፤ የሚያስፈልገው ፊኖልፍታሊን ብቻ ነው። 2 ባይካርቦኔት ⇌ ካርቦኔት + ካርቦን ዳይኦክሳይድ + ውሃ። ሩብ የሻይ ማንኪያ ሶዳ በ200 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ሟምቶ 3 ጠብታ ፊኖልፍታሊን ሲገባ ቀለም የለውም፣ ወይም እምብዛም ሮዝ ነው። ክዳን ሳይኖረው 5 ደቂቃ ሲፈላ ጋዙ ይወጣል፤ ደማቅ ሮዝ ይሆናል። ለብ ሲል በሦስት ብርጭቆ ይክፈሉት። አንዱ ላይ አዲስ የተከፈተ አምቦ ውሃ በማንኪያ ይጨምሩ፤ ሮዙ ይጠፋል። ሁለተኛው ላይ ተራ ውሃ በዚያው ልክ፤ ሮዙ ይቆያል፤ መቅጠን ብቻ እንዳልሆነ ማሳያው ይህ ነው። ሦስተኛው ላይ አንድ ልጅ በስትሮ ይተንፍስበት፤ ቀስ ብሎ ይፈዛል። ቤኪንግ ፓውደር ግን አይሆንም፤ አሲድ ስላለበት ውሃ ሲነካው ራሱ ይፈላል። ሲጨርሱ “ክፍት ድስት ላይ ሲፈላ ኢኩሊብሪየም ላይ ነበር?” ብለው ይጠይቁ። አልነበረም፤ ጋዙ እያመለጠ ነው። ዝግ ሲስተም የሚለው ቃል ትርጉም የሚያገኘው እዚህ ነው።

ስሌቱ ላይ አንድ ምክር ብቻ፦ የመጀመሪያውን የቤት ሥራ በሃይድሮጅን አዮዳይድ አይጀምሩ። በዚያ ሪአክሽን የጋዝ ሞሎቹ በሁለቱም ወገን እኩል ስለሆኑ የዕቃው መጠን ይጣፋል፤ ሞልን በሊትር ሳያካፍል ያሰላ ልጅም ትክክለኛ ሬሾ ያገኛልና ስህተቱ ተደብቆ ይቀራል። በፎስፈረስ ፔንታክሎራይድ ይጀምሩ፤ ወደ ፎስፈረስ ትራይክሎራይድና ክሎሪን ይለያያል፤ በ250 ዲግሪ ኬ ወደ 0.04 ነው። 0.7 ሞል በ2 ሊትር ዕቃ ይስጡ። መነሻው 0.35 ሞላር ነው፤ የተለያየው 0.1 ሞላር፣ ማለትም 0.2 ሞል ይሆናል። ለሊትር ያላካፈለው 0.149 ሞል ይዞ ይመጣል፤ ስህተቱ የት እንደሆነ ከመልሱ ብቻ ያውቃሉ። እዚህ ላይ “ኤክስ (የተለያየው) ትንሽ ነው” ብሎ መጣልም አይሠራም፤ ከመነሻው ከሩብ በላይ ነውና።

ከዚህ በኋላ የሌ ሻተሊየ መርህ ይምጣ፤ ልጆቹ በኪው ያገኙትን መልስ በአጭሩ የሚናገሩበት ሆኖ። ለማሠሪያ የሚሆን ምሳሌ አጠገብዎ አለ። የአሰላን መንገድ ይዞ ሲወጣ መልካሳ ላይ ያለው የአሉሚኒየም ሰልፌትና ሰልፈሪክ አሲድ ፋብሪካ የሚመረኮዘው በዚህ ሪአክሽን ነው፦ 2 ሰልፈር ዳይኦክሳይድ + ኦክስጅን ⇌ 2 ሰልፈር ትራይኦክሳይድ፤ እንደተጻፈው 197 ኪሎጁል ገደማ ሙቀት ያወጣል። ኮንታክት ፕሮሰስ በሚባለው አሠራር ጋዙ በ400 እና በ450 ዲግሪ መካከል ሆኖ ወደ ቫናዲየም ፔንቶክሳይድ ይገባል። ኬን ብቻ ብናይ መቀዝቀዝ ነበረበት፤ ነገር ግን ከዚያ በታች ካታሊስቱ ይሰንፋል። ሪአክሽኑ ራሱ ጋዙን ስለሚያሞቀው በመጀመሪያው የካታሊስት ንጣፍ ሙቀቱ ከ600 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ ኬ ይወርዳል፤ ለውጡም ሳይጠናቀቅ ይቆማል። መፍትሔው ጋዙን አውጥቶ ማቀዝቀዝና ወደ ቀጣዩ ንጣፍ ማስገባት ነው፤ እንዲህ እየተደረገ 98 በመቶ ገደማ ይደርሳል። “ታዲያ ግፊት ለምን አይጨመርም? የጋዝ ሞሎቹ ከ3 ወደ 2 ይቀንሳሉ እኮ” የሚል ልጅ ካለ ጎበዝ ነው። ግፊት ይጠቅም ነበር፤ ግን ያለሱም ይህን ያህል ከተለወጠ ለመጭመቂያው ወጪ ምን ያስገድዳል?

ሁለተኛው የአካባቢ ምሳሌ የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ነው። ካልሲየም ፍሎራይድ (ጠጣር) ⇌ ካልሲየም አዮን + 2 ፍሎራይድ አዮን። ለስሌት እንዲቀል ኬን 4 × 10⁻¹¹ እንበል። ውሃው ውስጥ ካልሲየም 0.001 ሞላር (በሊትር 40 ሚሊግራም) ካለ ፍሎራይዱ ከ0.0002 ሞላር አያልፍም፤ በሊትር 3.8 ሚሊግራም ነው። በሸለቆው ብዙ ቦታ ግን የከርሰ ምድሩ ውሃ ሶዲየምና ባይካርቦኔት ይበዛበታል፤ ካልሲየሙ ካርቦኔት ሆኖ ይዘቅጣል። ካልሲየሙ በሊትር ወደ 4 ሚሊግራም ሲወርድ ፍሎራይዱ እስከ 12 ሚሊግራም ሊወጣ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት የመመሪያ ልክ 1.5 ነው። በወንጂና በአካባቢው የጥርስ መበለዝ ለምን እንደበዛ ይህ ስሌት ትልቁን ክፍል ያስረዳል። ቀጥለው “ካልሲየም ብንጨምርበትስ?” ብለው ያሠሯቸው፤ ወደ 1.5 ለማውረድ በሊትር 250 ሚሊግራም የሚያልፍ ካልሲየም መሟሟት ይኖርበታል፤ ለዚህ ነው ፍሎራይድ ለመቀነስ የአጥንት ከሰል ወይም የአሉሚኒየም ጨው የሚመረጠው። ክፍሉ ውስጥ ጥርሱ የበለዘ ልጅ መኖሩ አይቀርምና ምሳሌውን ስለ ውሃው እንጂ ስለ ሰው አያድርጉት።

ፈተናው ላይ “ወዴት ይሄዳል?” ብለው ብቻ አይጠይቁ፤ በግምት ግማሹ ይመታዋል። ለእያንዳንዱ ለውጥ ሦስት ቦታ ይተዉ፦ በዚያች ቅጽበት ኪው ምን ሆነ? ኬስ? አዲሱ ኢኩሊብሪየም ላይ የተጨመረው ነገር ከመነሻው በለጠ ወይስ አነሰ? ነጥቡን ለአቅጣጫው ሳይሆን ለእነዚህ ይስጡ። ሀገር አቀፍ ፈተናው ምርጫ ስለሆነ ልጆቹ ይህን መጻፍ ጊዜ ማባከን ሊመስላቸው ይችላል፤ ግን ኢነርት ጋዝ፣ ጠጣር መጨመርና ውሃ መበረዝ የሚሉት ምርጫዎች ሦስቱም በመጀመሪያው ቦታ መልስ ያገኛሉ። ጠጣር ሲጨመር ለምን ምንም እንደማይሆን ለብቻው ማስተማርም አይኖርብዎትም፤ ኪው ውስጥ የለማ።